በፎገራ ሜዳ ያደረች ድንኳን

በግንቦት መጨረሻ ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወረታ ደረስን። የፎገራ ሜዳ እጅግ ለጥ ያለ ነው፤ መኪናችንን ነድተን ርብ ወንዝ ዳር ለማደር አሰብን። የሩዝ ማሳቸውን የሚያለሰልሱ አዛውንት ግን፣ «ልጆቼ፣ ደረቅ ነው ብላችሁ አትመኑት። ዋልካ ነው፤ ዝናብ ከነካው መኪናችሁን ይውጠዋል» አሉን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ብዙ ቤተሰብ ያፈናቀሉት በዚሁ ሜዳ ነው። ምክራቸውን ሰምተን ድንኳናችንን ከደጃቸው፣ ከፍ ካለው መሬት ተከልን። ሌሊቱን ዘነበ። ለሱብሒ ሶላት ስንነሣ በመረጥነው ቦታ ውኃ ተኝቶበታል። አልሐምዱሊላህ! ውድ አንባቢያን፣ ለጉዞ ስትነሡ አስቀድማችሁ የአገሩን ሰው ጠይቁ።