ማሰሮ የሚያንጠለጥለው ተክልና የጎጃም ምድር

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በክረምት የተጓዘ ሰው፣ ምድሩን ሁሉ ለምልሞ ሲያየው ጎደሎ የሌለበት ይመስለዋል። ገበሬው ግን ብዙው ዝናም የአፈሩን ጉልበት እያጠበ እንደሚወስድ ያውቃል፤ ስለዚህም በአሲዳማው እርሻ ላይ ኖራ ይበትናል፣ ፍግም ይጨምራል። እኛም በገበዝ ማርያም አገር ይህን ስንመለከት፣ የአፈርን ድኽነት በሌላ ብልኀት ስላሸነፈ ተክል ለአንባቢዎቻችን ልንጽፍ ወደድን።

ተክሉ ኔፔንቴስ ይባላል። ይህን ስም በ1737 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያወጣለት ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ ነው። በማዳጋስካር፣ በሲሸልስና በእስያ ደሴቶች ይበቅላል፤ በአፍሪቃ ዋና ምድር ግን በዱር አይገኝም። ከቅጠሉ ጫፍ ክዳን ያለው ማሰሮ ይንጠለጠላል። የማሰሮው አፍ ጣፋጭ ወለላ አለው፤ ሲረጥብም እጅግ ያዳልጣል። ጉንዳንና ዝንብ ወለላውን ሽተው ሲመጡ ተንሸራተው ከውስጡ ውኃ ይወድቃሉ፤ በዚያም ሟሙተው ምግብ ይሆኑታል።

ጨካኝ ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት ግን ምክንያቱን መመርመር ይገባል። ሥሩ ያለበት አፈር ድኻ ስለ ሆነ፣ ከምድር ያጣውን ከሚበርና ከሚሳብ ፍጥረት ይፈልጋል።

እንግዲህ ይህን ተክል ሊያሳድግ የሚወድ ሰው የገበሬውን ልማድ ይገልብጥ። ፍግ ሥሩን ይጎዳዋልና አይጨምርበት፤ የዝናም ውኃ በንጹሕ ጋን አጠራቅሞ ያጠጣው፤ አፈሩም ላላ ያለ፣ ውኃ የማይቋጥር ይሁን። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ጥዋትና ማታ ውኃ ይርጭበት፤ ከቀትር ፀሓይም ይከልለው። ወገኑንም ለይቶ ይምረጥ፤ የተራራው ወገን ቀዝቃዛ ሌሊት ስለሚሻ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ይቀርባል፤ የቆላው ወገን ግን ሌሊቱም የሞቀ እንዲሆንለት ይፈልጋል።

ነገር ግን ሥጋ በል ተክል ለማየት ባሕር መሻገር አያሻም። በአገራችን ኩሬና ረግረግ ዩትሪኩላርያ የሚባል ሥር የሌለው ትንሽ ተክል አለ፤ በጥቃቅን ከረጢቶቹ የውኃ ተባይን ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ ይውጣል። ረግረጉ ሲደርቅና ሲታረስ ግን ማንም ሳያውቀው ይጠፋል። ስለዚህ የመሬት ሹማምንት ረግረግን ጠፍ ነው ብለው ከማስደረቃቸው አስቀድሞ፣ በውስጡ የሚኖረውን ቢያስመረምሩ መልካም ነው እንላለን።