በሽቦ ላይ የተገኘ ፍቅር

ፍቅርን በመሣሪያ አማካይነት መፈለግ የዘመናችን ብቻ ፈሊጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ወጣቶች በስልካቸው ላይ የማያውቁትን ሰው መልክ እያገላበጡ ሲመርጡ ያየ ሽማግሌ፣ «ዓለም ተለወጠች» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ነገር ግን ኤላ ቺቨር ታየር የተባለች አሜሪካዊት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. ያሳተመችውን «የሽቦ ፍቅር» የተሰኘ አስቂኝ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው፣ ነገሩ ከቶ አዲስ እንዳይደለ ይረዳል። ደራሲዋ ራሷ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ስለ ነበረች፣ የጻፈችው በሥራዋ የምታውቀውን ነው።

ባለታሪኳ ናቲ ሮጀርስ ትባላለች። ቀኑን ሙሉ በቢሮዋ ተቀምጣ የሌሎችን ሰዎች ደስታና ሐዘን በነጥብና በሰረዝ ስታስተላልፍ ትውላለች። ከዕለታት አንድ ቀን፣ በሩቅ ጣቢያ ከሚሠራና ስሙን «ሲ» ብሎ ብቻ ከሚፈርም ባልደረባ ጋር ጨዋታ ትጀምራለች። በመጀመሪያ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አታውቅም። ሥራ በቀዘቀዘ ሰዓት ሁሉ ይቀልዳሉ፤ ይተራረባሉ፤ ቀስ በቀስም ልባቸው ይቀራረባል።

አንድ ቀን ግን ጸጉሩ ቀይ፣ የቅባቱና የሽቶው ሽታ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ አነጋገሩም ለዛ የሌለው ሰው ከቢሮዋ መጥቶ «ሲ ማለት እኔ ነኝ» ይላታል። ልጅቱ ተስፋዋ ተሰበረ፤ የሽቦውንም ወዳጅነት አቋረጠች። ሰውዬው ግን አስመሳይ ኖሯል። እውነተኛው «ሲ»፣ ክሌም የሚባለው ጎልማሳ፣ ኋላ እርሷ በምትኖርበት ቤት በእንግድነት ተገኘና፣ ሌሎቹ ሲጫወቱ እርሱ ጠረጴዛውን ቀስ እያደረገ ማንኳኳት ጀመረ። ለሌላው ተራ ኳኳታ ነው፤ ለእርሷ ግን ፊደል ነበር።

ይህን ስፍራ ባነበብሁ ጊዜ ሳቄን መግታት አልቻልሁም፤ ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ቁም ነገር አሳሰበኝ። እኛ በዓይን ያላዩትን ሰው ማመን ሞኝነት ነው እንላለን። ናቲን ያታለላት ግን በዓይኗ ያየችው ሰው ነው፤ በሽቦው የመጣላት ቃል እውነት ነበር። የጥንት ቴሌግራፈኞች መልእክት የሚልክላቸውን ባልደረባ፣ የእጅ ጽሕፈት እንደሚለይ ሁሉ፣ በአመታቱ ይለዩት ነበር። እንዲህ ያለው ዕውቀት በአንድ ቀን የሚገኝ ሳይሆን፣ በብዙ ቀን ማዳመጥ የሚጠራቀም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ስለ ልጁ ምክር ጠየቀኝ። ልጅቱ በበይነ መረብ የተዋወቀችውን፣ ባሕር ማዶ የሚኖር ወጣት ልታገባ አስባለች። አባቷን የጨነቀው «የማን ልጅ ነው? ሰባት ቤቱስ ተቆጥሯል?» የሚለው ነበር። ጥያቄው የተገባ ነው፤ ሽማግሌ የሚላከው ለሰውዬው የሚመሰክርለት ወገን እንዲገኝ፣ ዘር የሚቆጠረውም ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነውና። እኔ ግን ልጅቱን ሦስት ነገር ጠየቅኋት፦ «በታመምሽ ጊዜ ምን ጻፈልሽ? ዛሬ የሚነግርሽ ዓምና ከነገረሽ ጋር ይስማማል? በተጣላችሁስ ጊዜ እንዴት ያለ ሰው ሆኖ አገኘሽው?» ሁለቱን ሳትቸገር መለሰችልኝ። በሦስተኛው ላይ ግን ዝም ብላ ቆየችና፣ «ተጣልተን አናውቅም» አለች። ልጁ አገሩ መጥቶ ከቤተ ሰቡ ጋር እስኪታይ ድረስ ቀለበቱ እንዲዘገይ የጠየቀችው ራሷ ናት።

በእርግጥ የዛሬው መሣሪያ ከሽቦው የሚለይበት ነገር አለ። በአሜሪካ «ማች» የተባለው የመተዋወቂያ ድር በ1995 ሥራ ሲጀምር፣ ፈላጊው ስለ ራሱ ጽፎ ማቅረብ ነበረበት። በ2012 የመጣው «ቲንደር» ግን መልክን አስቀደመ፤ ሰው ሌላውን በጣቱ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ በመግፋት ይወስናል። ናቲ ቃሉን ሰምታ መልኩን ስትጠብቅ፣ የዛሬው ወጣት መልኩን አይቶ ቃሉን ይጠብቃል። በፍቅር ስም ገንዘብ የሚዘርፍ አታላይም የሚጠቀመው በዚሁ ነው፤ የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ለጥፎ ይመጣል።

ታየር በመጽሐፏ ሁለተኛ ክፍል ሌላ ቀልድ ጨምራለች። ሁለቱ ወጣቶች በአንድ ቤት መኖር ከጀመሩ በኋላ፣ ገጽ ለገጽ ሲሆኑ እንደ ቀድሞው በነፃነት መጫወት አቃታቸው፤ በመጨረሻም ከክፍል ወደ ክፍል ሽቦ ዘረጉ። ቅርብ መሆን ብቻውን ትውውቅ እንዳይደለ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ የልባቸውን ያልተነጋገሩ ባልና ሚስት በየሰፈራችን አሉ።

ስለዚህ ልጆቻችን በስልክ ተዋወቁ ብለን ከመቆጣታችን በፊት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደ ተደማመጡ ብንጠይቃቸው ይሻላል። ልጆቹም በበኩላቸው ከመልኩ ይልቅ የቃሉን አመታት ያዳምጡ፤ ያ አመታት በደስታም በቁጣም ጊዜ ያው መሆኑን እስኪያረጋግጡ ድረስም አይቸኩሉ።