አዲሱ መኪናና አሮጌው ጎዳና

መኪና አዲስ ሲሆን ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየዋል። መንገድን ግን ካልተበላሸ በቀር ልብ የሚለው የለም። ይህን ያልነው ከመጽሐፍ ገልብጠን ሳይሆን በሴሚስተሩ ዕረፍት ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት በተጓዝንበት 225 ኪሎ ሜትር ላይ አይተን ነው። ስለዚህ ያየነውን ለግድግዳ ጋዜጣችን አንባቢዎች እንደሚከተለው አቅርበናል።

እኛ ሁለት እጩ መምህራን ነን፤ የአንድ ሰፈር ልጆች፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች። ላምበረት መናኸሪያ ሄደን በአውቶቡስ ልንሳፈር ስንሰናዳ የአንደኛችን አጎት፣ ሁለታችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው፣ ስልክ ደወሉና «አውቶቡሱን ተዉት፣ አብረን እንሄዳለን» አሉን። ጋሼ አዲስ አበባ በንግድ የሚተዳደሩ ናቸው። ለካስ አዲስ መኪና ገዝተው ለእናታቸው ሊያሳዩ መሄዳቸው ኖሯል። ምን ዓይነት መኪና መሰላችሁ! ቀይ፣ ከመሬት ዝቅ ያለ፣ አፍንጫው የሾለ የስፖርት መኪና፤ ያውም በኤሌክትሪክ የሚሠራ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ግን እኛ ከስልክ ላይ በቀር አይተን አናውቅም ነበር።

ጋሼ ከመነሳታቸው በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሦስት ሰው ጠየቁ። በዚህ መስመር የሚሄድ ሰው ሌላውን ሁሉ ከማሰናዳቱ አስቀድሞ ይህን ይጠይቃል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢታችን ድረስ መጥቶ እንደነበረ የምናስታውስ ልጆች ነንና አልገረመንም።

ሰንዳፋን እንዳለፍን ጋሼ ወደኋላ በመስተዋት እያዩን ጥያቄ አመጡ። «በሉ እስቲ የኔታዎች፣ በአስተማሪ ደመወዝ ይህን መኪና ለመግዛት ስንት ዓመት ይፈጃል? ሒሳብ ትማሩ የለም እንዴ? አስሉት!» እኛም ስልካችንን አውጥተን አሰላን። ሳንበላ፣ ሳንለብስ፣ የቤት ኪራይ ሳንከፍል ብናጠራቅም እንኳ ጡረታችን ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ይህንኑ ስንነግራቸው ጋሼ እስኪያነቡ ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ከሸኖ ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ፣ አስፋልቱ ቀጥ አለ። ጋሼ ረገጥ ሲያደርጉት መኪናው ድምፅ ሳያሰማ ተፈተለከ። 100 ሞላ፣ 120 ሆነ፣ 140 ገባ። ጀርባችን ከመቀመጫው ተጣበቀ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎን ነበር፤ ፈርተንም ነበር።

ደብረ ብርሃን ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከመንገዱ ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት የጠዋቱን ፈረቃ ለቆ ልጆቹ አስፋልቱን ሞልተውት ነበር። ጋሼ ፍጥነት ቀነሱ፤ የበቃ ግን አልነበረም። አንድ ትንሽ ልጅ ነፋስ የነጠቀውን የደብተር ቅጠል ተከትሎ ከመኪናችን ፊት ጥልቅ አለ። ፍሬን ተያዘ፣ ጎማው ጮኸ፣ እኛም ጮኽን። መኪናው የቆመው ልጁ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ነው። ልጁ ወረቀቱን አነሳና አቧራውን በእጁ ጠራርጎ ቀና ቢል ቀይ መኪና ተደቅኖበታል። ያን ጊዜ ነው የደነገጠው።

ነገሩ ወዲያው ገባን። የገጠር ልጆች መኪናን የሚጠብቁት በጆሯቸው ነው። ከባድ መኪና ከሩቅ ያጓራል፣ አውቶቡስ ጥሩምባ ይነፋል፣ ባጃጅ እንኳ ይንጫጫል። ይህኛው ግን እንደ ድመት መጣባቸው።

ከበሩ በኩል አንዲት መምህርት እየሮጡ መጡ። ጣቶቻቸው ላይ የጠመኔ ዱቄት ነበር። ልጁን ራሱን ዳስሰው ደህና መሆኑን አዩ፤ ቀጥለውም ልጆቹን በመንገዱ ግራ በኩል፣ ፊታቸው ወደሚመጣው መኪና ዞሮ፣ በአንድ መስመር አሰለፏቸው። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከዚያ ወደ ጋሼ ጠጋ ብለው «ጥሩምባ ይንፉ እንጂ ወንድሜ፤ ይህ መኪናዎ እኮ አይሰማም» አሉ። ጋሼ «ይቅርታ እህቴ፣ ይቅርታ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እጃቸው መሪው ላይ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ይታየን ነበር። ከዚያ በኋላ በሰዓት ከ60 አላለፉም፤ ስለ ደመወዝም አላነሱም።

በፀጥታ እየተጓዝን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯትን ደብረ ብርሃንን አልፈን ወደ ጣርማበር ወጣን። እንደ ልማዱ ጉም ወርዷል። እዚህ ላይ ስለ ጎዳናው ታሪክ ጥቂት ብንል አንባቢ አይከፋም ብለን እንገምታለን።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። 28 ዓመት ቆይቶ የጣልያን ጦር ሲወረን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ወደ ደሴ የተጓዙት በመኪና ነበር። እንግዲህ «መንገዱን ያመጣው ጣልያን ነው» የሚለው ወሬ ሙሉ እውነት አይደለም ማለት ነው፤ ሻካራም ቢሆን መንገድ ነበረን። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ማርሻል ባዶሊዮ በብዙ መኪና ተጭኖ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጣርማበር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ጠበቀውና ጉዞው ተስተጓጎለ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ነው ጣልያኖች ተራራውን በስተው ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለውን ዋሻ ሠርተው በሙሶሊኒ ስም የጠሩት። ሙሶሊኒ አለፈ፣ ስሙም አለፈ፤ ድንጋዩን የፈለጡት ሠራተኞች ስም ግን መጀመሪያም አልተጻፈም።

ከድል በኋላም መንገዱ በጥገና ዕጦት እየተቦረቦረ ሄደ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህን የመሰለውን መንገድ ሁሉ እንዲጠግንና እንዲያስፋፋ ነበር። ለካስ መንገድ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በየክረምቱ ይናዳል፣ በየበጋው ይደፈናል።

በዋሻው ውስጥ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። መብራት አብርተን ቀስ ብለን ወጣን። ከዋሻው ወዲያ ዓለም ወደታች ትከፈታለች፤ ቁልቁለቱ ከደብረ ሲና እስከ ሮቢት ሜዳ ይወርዳል። እዚያው መውጫው ላይ አካፋ የያዙ የመንገድ ሠራተኞች የተናደ አፈር ሲጠርጉ አገኘናቸው። ጋሼ ቆመው መስኮት ዝቅ አደረጉና «በርቱ!» አሏቸው። አንደኛው ሰውዬ መኪናውን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ይህ ደግሞ ሞተሩ የት አለ?» ቢል ሁላችንም ሳቅን።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ተመለከትን። ጋሼ ፍሬን ሳይረግጡ እግራቸውን ሲያነሱ መኪናው ራሱን ይይዛል፤ የባትሪውም ቁጥር ከመቀነስ ይልቅ ከ52 በመቶ ወደ 53፣ ወደ 54 ይወጣል። የፊዚክስ ትምህርታችን ትዝ አለንና እንደገና ስልካችንን አወጣን። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን የከፍታ ልዩነት 1,800 ሜትር፣ መኪናውን ከነተሳፋሪው 2,000 ኪሎ ግራም ብለን ያዝን። በ9.8 ሲባዛ 35,280,000 ጁል ይሆናል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል ስለሆነ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። እርግጥ ሁሉም ወደ ባትሪው አይመለስም፤ ነፋሱም፣ ጎማውም፣ ሞተሩም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ከፊታችን የሚወርደው ተሳቢ ግን ማርሽ ቀንሶ እንኳ የፍሬኑ ሽታ እስከ እኛ ይደርስ ነበር። ያው የተራራው ጉልበት ነው፤ በእርሱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክናል፣ በእኛ ላይ ኤሌክትሪክ ሆኖ ይጠራቀማል። ጋሼ ይህን ስናስረዳቸው ሬዲዮናቸውን ዘግተው ሰሙን። «እኔ ከፍዬ የገዛሁትን መኪና እናንተ ታውቁታላችሁ» አሉ።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ባትሪው 53 ላይ ነበር። የሰፈር ሕፃናት መኪናውን ከበቡት፤ እናታቸው ግን መኪናውን በአንድ ዓይን አይተው «ደህና ገባህ ወይ ልጄ?» ብለው ጋሼን አቀፏቸው። ጋሼ ያቺን መምህርትና ልጁን አንስተው ለእናታቸው ሲነግሩ ድምፃቸው ተቆራረጠ።

እኛም ማታ ተቀምጠን ስለዚያ የደመወዝ ሒሳብ ተነጋገርን። ጥያቄው ቀልድ ብቻ አይደለም፤ መምህርም በልቶ ማደር፣ ልጁን ማሳደግ አለበት። መኪናው ቀርቶብን የቤት ኪራዩ ራሱ ያሳስበናል። ይህን የሚክድ ሰልጣኝ ካለ እጁን ያውጣ! ይሁን እንጂ ያቺ መምህርት በዚያች ቅጽበት የሠሩትን ሥራ በስንት ብር እንደምናስበው አላወቅንም። ብንደምርም ብናካፍልም አልወጣልንም። እሳቸውና አካፋ የያዙት ሰዎች በአንድ ወገን ሆነው ታዩን። ሥራቸው የሚታየው የጎደለ ቀን ነው።

ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤቶች ለልምምድ የምንወጣ ሰልጣኞች አንድ ነገር ተነጋግረን እንሂድ። የተመደብንበት ትምህርት ቤት ከአስፋልት ዳር ከሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹን በር ላይ አውጥተን በመንገዱ ግራ እንዲሄዱ፣ ከመሻገራቸው በፊት ግራና ቀኝ እንዲያዩ እናስተምራቸው። ድሮ «ድምፅ ከሰማችሁ ቁሙ» ይባል ነበር። አሁን ግን ድምፅ የሌለው መኪና በየቀኑ እየበዛ ነው። ጆሯችሁን አትመኑ፣ በዓይናችሁ እዩ ብለን እንንገራቸው። ለዚህ ጠመኔም መጽሐፍም አያስፈልግም፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል።