ከሎንዶን ወደ ዊንድሶር የአንድ ቀን መንገድ

በሎንዶን ከተማ ለትምህርት የተቀመጠ ሰው ሳምንቱን ሁሉ በመጽሐፍ ላይ አጎንብሶ ከሰነበተ በኋላ፤ ቅዳሜ ሲደርስ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ስፍራ ይሻል። ለዚህም ከሎንዶን በስተምዕራብ ያለችው ዊንድሶር የተመቸች ናት። ከዋተርሉ ጣቢያ የተነሣው ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ያደርሳል፤ ሊደርስም ሲል የቴምዝን ወንዝ ይሻገራል፤ ያን ጊዜ ግንቡ በኮረብታው ላይ ሆኖ ይታያል። እኔም በወጣትነቴ በዚያ አገር ለትምህርት ሳለሁ ከአንድ ባልንጀራዬ ጋራ ሄጄ ያየሁትን፤ ከዚያም ወዲህ የሆነውን ጨምሬ፤ ለአንባቢዎች እነግራለሁ። ዓመቶቹን የጻፍሁት በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ግንቡን ማሠራት የጀመረው በ1070 ገደማ፤ ከኖርማንዲያ መጥቶ እንግሊዝን በጦር የያዘው ንጉሥ ዊልያም ነው። የመጀመሪያው ሥራ የአፈር ክምርና የእንጨት አጥር ነበረ፤ በመካከል የሚታየውን ክብ ግንብ በድንጋይ ያሠራው ከመቶ ዓመት በኋላ የነገሠው ሁለተኛው ሄንሪ ነው። እንደ ሌሎች የጥንት ግንቦች ፈርሶ የእንሽላሊት መኖሪያ አልሆነም፤ እስከ ዛሬ የንጉሥ ቤት ነው። ንጉሡ በዚያ ሲኖሩ የራሳቸው ሰንደቅ በክቡ ግንብ ላይ ይሰቀላል፤ በማይኖሩ ጊዜ የአገሩ ሰንደቅ ዓላማ ይተካል፤ የከተማውም ሰው ቀና ብሎ አይቶ ጌታው መኖር አለመኖሩን ያውቃል። በ1992 በኅዳር ወር እሳት ተነሥቶ ከመቶ የሚበልጡ ክፍሎችን ጐድቶ ነበር፤ ሥራውም በ1997 ተፈጸመ። እኛ ስናየው የተቃጠለውን ካልተቃጠለው ለመለየት አልቻልንም።

በግቢው ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1475 በአራተኛው ኤድዋርድ ተጀምሮ በ1528 በስምንተኛው ሄንሪ ዘመን አለቀ። በ1348 ገደማ የተመሠረተው የጋርተር ኒሻን ባለቤቶች ወንበራቸው በዚህ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ይህን ኒሻን ተቀብለዋል። ስምንተኛው ሄንሪ፤ አንገቱን የተቈረጠው ቀዳማዊ ቻርልስ፤ በ2022 ያረፉት ንግሥት ኤልሳቤጥም የተቀበሩት በዚሁ ነው።

ነገር ግን ኢትዮጵያዊ ወደዚህ ስፍራ ሲገባ ልቡ የሚፈልገው የእነርሱን መቃብር አይደለም። ለዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ለደጃዝማች ዓለማየሁ መታሰቢያ ንግሥት ቪክቶሪያ ያስደረጉት የነሐስ ጽሑፍ በዚያ አለ፤ በማቴዎስ ወንጌል እንግዳን ስለ መቀበል የተነገረው ቃል ተቀርጾበታል። አፅሙ ያረፈው ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውጭ በምድር ውስጥ በተሠራ መቃብር ነው። በ1868 መቅደላ በወደቀች ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረ። አባቱ በዚያው ቀን ሞቱ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩ ወርቅም ከጦሩ ጋራ ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ዐርፈው በጨለቆት ተቀበሩ። ልጁን በአገራችን ባሻ ፈለቀ ይባል የነበረው ካፒቴን እስፒዲ ይዞት ተሻገረ። ከዚያ በኋላ በቸልተንሃምና በረግቢ ተማሪ ቤት፤ በመጨረሻም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት፤ በትምህርቱም ደስታ አላገኘም። በ1879 በኅዳር ወር በሊድስ ከተማ በጎን ውጋት በሽታ ሞተ፤ ዕድሜው 18 ዓመት ነበረ። ንግሥቲቱም በዕለት ማስታወሻቸው በባዕድ አገር ብቻውን መሆኑን እያሰቡ ኅዘናቸውን ጻፉ።

ባልንጀራዬ የሌላ አገር ሰው ነበረና ጽሑፉን ካነበበ በኋላ ቀስ ብሎ «ዘመድህ ነውን?» አለኝ። እኔም «አዎን» አልሁት። በሥጋ እንዳልዛመደው አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ሌላ መልስ አልመጣልኝም። እኛ ትምህርታችንን ስንፈጽም ወደ አገራችን የምንመለስበት መንገድ ተዘጋጅቶልን ነበረ፤ ለእርሱ ግን አልተዘጋጀለትም።

አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ጠይቀው ነበር። በ2023ም ቤተ መንግሥቱ የልጁን አፅም ማውጣት በአጠገቡ የተቀበሩትን የብዙ ሰዎች ዕረፍት ያውካል ብሎ መለሰ፤ የኢትዮጵያ መልእክተኞች መቃብሩን ሊጎበኙ ሲጠይቁ መፈቀዱንም ጨመረ። በዳኝነት ስፍራ የምጽፍ ነኝና የሁለት ወገን ነገር መስማት ልማዴ ነው። የሙታንን ዕረፍት መጠበቅ ቀላል ምክንያት አይደለም፤ እኛም ብንሆን መቃብር ሲነካ አንወድም። ነገር ግን መልሱ የተናገረው ስለ ጎረቤቶቹ ነው፤ ልጁ ከጨለቆት ርቆ በዚያ ስለ መቅረቱ የተናገረው የለም። የተጠየቀው ነገር ደግሞ ይህ ነበር።

ከግንቡ ወርደን ድልድዩን በእግራችን ተሻግረን ስድስተኛው ሄንሪ በ1440 ያቆመውን የኢተን ተማሪ ቤት ከውጭ አየን። በወንዙ ላይ ብዙ ነጫጭ የውሃ ወፎች ነበሩ፤ ሕፃናትም ዳቦ ይጥሉላቸዋል። ከግንቡ በስተደቡብ ያለው፤ አራት ኪሎ ሜትር የሚያህል ቀጥ ያለ ባለዛፍ መንገድም ጊዜ ላለው ሰው መልካም መንሸራሸሪያ ነው። የነሐሱን ጽሑፍ ለማየት የሚሄድ ተማሪ እሑድን አይምረጥ፤ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ለሚጸልይ እንጂ ለጎብኚ አይከፈትም። እኛ በማታው ባቡር ተሳፍረን ሎንዶን ስንደርስ መብራቱ ሁሉ በርቶ ነበር።