ከቀይ ቀበሮው በፊት ውሻው መጣ

ላሊበላ የሄደ ሁሉ ወደ ታች ነው የሚያየው፤ ቤተ ጊዮርጊስን፣ ጉድጓዱን፣ ዋሻውን። እኔ ግን ቀና ብላችሁ እዩ እላለሁ። ከከተማዋ በላይ የተዘረጋው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ዓለትም ሆነ ተራራው የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። ገደሉ ላይ እንደ ደረጃ የተደረደረው ነገር፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንዱ የቀለጠ ዓለት በሌላው ላይ እየፈሰሰ ሲረጋ የተሠራ ነው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። ግማሹን በመኪና፣ የቀረውን በእግር። አብረውን ያሉት የጥበቃ ሠራተኛ በኮንጎ ጫማ ሽቅብ ይበራሉ፤ እኛ በስኒከር እናለከልካለን። «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ተራራው የትም አይሄድም» ይሉናል።

ጭላዳዎቹን ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ ጣታቸው ጎመን የምትቀነጥስ እናት ጣት ይመስላል። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የሉም። አንዱ ወንድ፣ ደረቱ ቀይ፣ ጎፈሬው እስከ ወገቡ፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝ። ፎቶ ማንሳቱን ተውኩት።

ከዚያ በላይ ጓሳና ጅብራ ብቻ ነው። ከአንድ ጅብራ ሥር ቀይ ነገር ሲንቀሳቀስ ትንፋሼን ዋጥኩ። ውሻ ነበር! ጓደኛዬ ሳቀ፤ ጋሼ ግን አልሳቁም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ አንድ የታመመ ውሻ የሚያመጣው የእብድ ውሻ በሽታ አንድ መንጋ ሙሉ ሊጨርስ ይችላል። በዚያ ላይ የገብሱ ማሳ ከታች እየገፋ መጥቷል።

የውሻው ባለቤት አሥር ዓመት የሚሆነው እረኛ ነው።

«ልጄ፣ ይሄን ውሻ እሰረው አላልኩህም?»

«ካሰርኩትማ በጎቹን ማን ይጠብቃቸዋል ጋሼ?»

እውነቱን ነው። ጅብ እዚህም አለ፣ ለልጁ ደግሞ በግ ማለት ደብተርም ጫማም ነው። ቀበሮው የሚበላው አይጥ እንደሆነ እሱም ያውቃል፤ ጠላቱ አይደለም።

ቀይ ቀበሮውን ያየነው ከቀትር በኋላ ነው። ብቻውን፣ ረጅም እግር፣ ሹል አፍንጫ። አንድ ጉድጓድ ላይ ጆሮውን ቀስሮ ቆመ፣ ዘለለ፣ ሳተ። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከታች ያለው ውሻ ጆሮውን ሲያቆም ልጁ አንገቱን አቅፎ ያዘው።

«ተከትቧል?» አሉት ጋሼ፣ አሁን ድምፃቸው ለስልሶ።

«ማን መጥቶ ይከትበዋል?»