ወፍ ጥበቃ

በምሥራቅ ቶሮንቶ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት ከዳንፎርዝ ጎዳና ብዙም በማይርቅ አንድ ቤት፣ በሚያዝያ አጋማሽ አንዲት ወፍ ከበሩ መብራት ላይ ጎጆ መሥራት ጀመረች። ልጅየው በረንዳውን ሊቀባ ቀለም ገዝቶ ነበር።

«እማዬ፣ ገና እንቁላል አልጣለችም፤ ባነሣውስ?»

«እንዳትነካት!» አሉት።

እናትየዋ የወፍ ወዳጅ ሆነው አያውቁም። ያደጉት ከደጀን በታች፣ በአባይ በረሃ፣ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ማማ ላይ ሆነው ወንጭፍ ሲወነጭፉ ነው። ወፍ ጠባቂ ልጅ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ጀንበር ስትጠልቅ ይመለሳል። ትምህርት ቤት ሳይገቡ የቀሩትም በዚሁ ነው። ከግራር ጫፍ የተንጠለጠለውን የቢጫውን ወፍ ጎጆ በረጅም እንጨት ያወርዱ እንደነበር አይደብቁም። ያን ጎጆ የሚሠራው ወንዱ ነው። ሣር ሰንጥቆ በመንቁሩ ይሸምናል፣ መግቢያውን ወደ ታች ያደርጋል፤ ሴቷ መጥታ ካልወደደችው አፍርሶ እንደ አዲስ ይጀምራል።

የቶሮንቶዋ ወፍ ሮቢን ትባላለች፤ ደረቷ የሸክላ ቀለም አለው። እዚህ ሠራተኛዋ ሴቷ ናት። ሣርና ጭቃ ታመጣለች፣ መሐሉ ቁጭ ብላ በደረቷና በክንፏ እየገፋች እንደ ሳህን ታጎደጉደዋለች። «ምርጊት ማን አስተማራት?» አሉ እናትየዋ። የራሳቸውን ጎጆ ግድግዳ በእጃቸው የመረጉ ናቸውና አድናቆታቸው የባለሙያ ነበር።

አራት ሰማያዊ እንቁላሎች ጣለች። ልጅየው ሕጉን ፈልጎ አነበበላቸው፦ እንግሊዝ ስለ ካናዳ ሆና በፈረንጆች 1916 ከአሜሪካ ጋር ከተዋዋለች ወዲህ ፍልሰተኛ ወፎች በሕግ ይጠበቃሉ፤ እንቁላል የያዘ ጎጆ ማንሣት ክልክል ነው።

«ወፍ መጠበቅማ እኔም ጠብቄያለሁ» ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው ግን አልቆየም። ወፏ ሁለት ሳምንት ያህል ስትታቀፍ ቤተሰቡ በጓሮ በር ወጣ ገባ። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ እሳቸው ወንበር አውጥተው በመስኮቱ በኩል ይቀመጡ ጀመር፤ ቁራ ሲያንዣብብ የበረሃውን ጩኸት ይለቁታል። ጎረቤት ደንግጦ የወጣበትም ቀን አለ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሦስት ጫጩት ብቻ አገኙ።

«ጠባቂ ማማውን ትቶ ሲሄድ እንዲህ ነው» አሉ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ሦስቱ በግንቦት ማለቂያ በረሩ። ልጅየው ጎጆውን አውርዶ በረንዳውን ቀባ። እናትየዋ ግን እስከ ሰኔ ድረስ በጓሮ በር ነበር የሚወጡት።