በነጋዴው ስም መናገር

ሮል20 በተባለው የሚና ጨዋታ ድረ ገጽ ላይ ጨዋታ ስመራ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ማክሮውን፣ ማለትም ትእዛዝ የሚቀመጥበትን አዝራር ነው። «ስላሽ አዝ» (/as) የሚለውን ትእዛዝ ከአንድ ገጸ ባሕርይ፣ ለምሳሌ ከአንድ ሽማግሌ ነጋዴ፣ ስም ጋር አንዴ አስቀምጣለሁ። ከዚያ የሽማግሌውን ነጋዴ ምስል ካርታው ላይ ስመርጥ አዝራሩ ብቅ ይላል፤ ስጫነው «ምን ይበል?» የሚል ሳጥን ይከፈትልኛል፤ የጻፍኩት በእሱ ስም ይወጣል።

በራሴ ስም ስጽፍ ተጫዋቾቹ የሚመልሱት ለእኔ ነው። ነጋዴው ሲናገር ግን ይከራከሩታል፣ ዋጋ ያስቀንሱታል፣ ይዋሹታል። ድምፅ መቀያየር ለማይሆንለት ሰው፣ በጽሑፍ ብቻ ለሚጫወትማ ይልቁንም፣ ይህ ትልቅ ነፃነት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሰላምታውንና ዛቻውን አስቀድማችሁ አዝራሩ ውስጥ አትጻፉት። ያንኑ ቃል ሲደግም ሰውየው ለዛው ይጠፋል። ሳጥኑን ባዶ ተዉለትና የተባለውን ሰምቶ ይመልስ።